ግድግዳችን ላይ የተለጠፈው ወረቀት

በዛሬው የጤና ዓምዳችን ስለ አስም እንማማራለን። ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የምነግራችሁ፤ አስም ያለብኝ እኔ ራሴ ነኝ።

አስም ወደ ሳንባ አየር የሚወስዱት ቱቦዎች ውስጣቸው ሲያብጥና ዙሪያቸው ያለው ጡንቻ ሲጨመድድ የሚመጣ ሕመም ነው። አየሩ በጠባብ መንገድ ስለሚያልፍ ደረት ሲር ሲር ይላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ ከአጠገቤ ተነስታችሁ የሄዳችሁ ልጆች ተመለሱ! ጅግጅጋ ውስጥ ደግሞ የሚቀሰቅሰው ነገር ሞልቷል፦ ነፋስ የሚያነሳው አቧራ፣ የከሰል ጭስ፣ ጉንፋን፣ ቤት ውስጥ የሚጨሰው ኡንሲ። የኡንሲ ሽታ ደስ ይለኛል፤ ደረቴ ግን አይወደውም።

አምና አንድ ሌሊት በጣም ተነሳብኝ። አባቴ ጭነት ይዞ ቶጎ ውጫሌ ሄዷል፤ እናቴ ለቅሶ ቤት አድራለች። ቤት የነበረችው ኤዶ፣ የአባቴ እህት ናት። የሚነፉ ሁለት መድኃኒቶች አሉኝ፤ አንዱ ሰማያዊ ሌላው ቡናማ። ኤዶ ደንግጣ ቡናማውን ደጋግማ ሰጠችኝ። ምንም ለውጥ የለም። እንዳልነግራት ድምፄ አይወጣም። ሰማያዊውን በጣቴ አሳይቼ እስክትረዳኝ በጣም ፈራሁ። ከዚያ በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

ልዩነታቸው ይሄ ነው። ሰማያዊው ሳልቡታሞል ይባላል፤ ጡንቻውን አላቅቆ በደቂቃዎች ውስጥ ያስተነፍሳል። ቡናማው ቤክሎሜታዞን ነው፤ እብጠቱን ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ደህና ብንሆንም በየቀኑ ይወሰዳል፤ ከተወሰደም በኋላ አፍ ይጉመጠመጣል። በተነሳብን ሰዓት ግን ቶሎ አይደርስልንም።

ይህን ስንነግራት ሲስተሯ ወረቀት አውጥታ እንደ ትራፊክ መብራት በሦስት ቀለም ጻፈችልኝ። አረንጓዴ፦ እሮጣለሁ፣ ሌሊት አልስልም፤ ቡናማው ብቻ ጠዋትና ማታ። ቢጫ፦ ሌሊት ሳል ያነቃኛል፣ ደረቴ ሲር ይላል፤ ሰማያዊው ይጨመራል፣ ስንት ጊዜ እንደሚነፋም ተጽፏል። ቀይ፦ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቅተኛል፣ ስተነፍስ የጎድን አጥንቴ መሃል ይሰረጉዳል፣ ከንፈሬ ይጠቁራል፣ ወይም ሰማያዊው አላሻለኝም፤ ያኔ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ፣ ሰማያዊውን እየወሰድኩ፣ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት። የእኔን ቁጥር ግን እንዳትገለብጡ! ለእያንዳንዱ ሰው ሐኪሙ ለብቻው ነው የሚጽፍለት።

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ኤዶ የምታነበው ሶማሊኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲስተሯ በሶማሊኛ እያስረዳችኝ እኔ ጻፍኩት፣ እሷም መልሳ አረመችው።

ደግሞ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ስፔሰር ሠራችልኝ። የጠርሙሱ ቂጥ በመድኃኒቱ አፍ ልክ ይበሳና ዙሪያው ይታሸጋል፤ በጠርሙሱ አፍ በኩል እንስበዋለን። መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ከመቅረት ይልቅ ሳንባ ይደርሳል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን በሕፃናት ላይ ተሞክሮ፣ በደንብ የታሸገው ጠርሙስ ከፋብሪካው እኩል እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. በ1999 ታትሟል።

አሁን አንዱ ወረቀት ግድግዳ ላይ፣ አንዱ ስም ጠሪ መምህራችን ጋ፣ አንዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ኡንሲ ማጨሻው ዳብቃድም ግቢ ወጥቷል፤ እንግዳ ሲመጣ ኤዶ ትረሳና ታስገባዋለች እንጂ። ጠዋት ጠዋት ግን ሻይ ሳትቀዳልኝ በፊት «ዛሬ ምን ቀለም ነሽ?» ትለኛለች።