«ገና»ን ከ«ገና» የለየ ጆሮ፦ የእንግሊዝኛ ቃላትና አነባበብ መለማመጃ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ካሉ ቀበሌዎች መጥተው፣ ከተማ ቤት ተከራይተው፣ ስንቃቸውን ከቤተሰብ እያመላለሱ የሚማሩ ልጆች 9ኛ ክፍል ሲደርሱ ሒሳቡንም ባዮሎጂውንም በእንግሊዝኛ ይማራሉ። ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ የተማሩት ቋንቋ ቢሆንም፣ ብዙዎቹ በዓይናቸው እንጂ በጆሯቸው አያውቁትም። ይህን ለመለወጥ በቀን 30 ደቂቃ፣ አንድ ደብተር፣ ድምፅ የሚቀዳ ስልክና አንድ ጓደኛ ይበቃል።

1. አምስት ቃል ምረጡ። ሦስቱን ከዕለቱ ትምህርት፣ ሁለቱን ከመንገዳችሁ ውሰዱ፤ ለምሳሌ በሬ፣ በቆሎ ወይም ድልድይ። በእያንዳንዱ ቃል ስለራሳችሁ ኑሮ አጭር ዓረፍተ ነገር ሥሩ። ትርጉሙ ብቻውን ቶሎ ይረሳል።

2. አነባበቡን በፊደላችን አትጻፉ። በእንግሊዝኛ «ማሰብ»ም «መስመጥ»ም «ሲንክ» ተብለው ይጻፋሉ፤ መርከብም በግም «ሺፕ» ይሆናሉ። ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ ከጠፋ አፍ ላይ አይገኝም። ከመምህር ወይም ድምፅ ካለው የስልክ መዝገበ ቃላት ሦስት ጊዜ ስሙ፤ ከዚያ ድገሙ።

3. አፋችሁን አስለምዱ።
• ቲ እና ኤች አብረው ሲመጡ የምላሳችሁን ጫፍ በጥርሶቻችሁ መካከል አውጥታችሁ አየር አሳልፉ። ሩሲያውያን ተማሪዎችም እንደኛ «ሰ» ወይም «ዘ» ይሉታል፤ ድምፁ በቋንቋቸው ስለሌለ ነው።
• ለ«ፐ» ብጣሽ ወረቀት ከከንፈራችሁ ፊት ያዙ። በርበሬን በእንግሊዝኛ «ፔፐር» ስትሉ በመጀመሪያው «ፐ» ወረቀቱ ካልተንቀሳቀሰ «በ» ብላችኋል።
• ለ«ቨ» የላይ ጥርሳችሁን የታች ከንፈራችሁ ላይ አሳርፉ።
• በእንግሊዝኛ በግ ስትሉ «ኢ»ን አርዝሙ፣ ከንፈራችሁንም ለጠጥ አድርጉ። መርከብ ስትሉ አሳጥሩት፤ በ«ኢ» እና በ«እ» መካከል ይውደቅ።

4. ከፊት «እ» አትጨምሩ። «እስኩል» የሚል ሰው «ስስስ» ብሎ ይጀምር፣ ሳያቋርጥ «ኩል»ን ያስከትል።

5. ማጥበቅን ተዉ፣ ማንሣትን ያዙ። በእንግሊዝኛ አንድ ፊደል ሁለት ጊዜ ስለተጻፈ ድምፁ አይጠብቅም፤ «ሃፒ» ሲባል «ፒ» ይላላል። በአንዳንድ ቃላት ትርጉም የሚለየው የድምፁ መነሣት ነው። «ሪከርድ» ስም ሲሆን መጀመሪያው፣ ግስ ሲሆን መጨረሻው ይነሣል። በግዕዝ ንባብ ተነሽና ወዳቂ የተማረ ሰው ይህን ቶሎ ይይዘዋል። የሚነሣውን ክፍል ደብተራችሁ ላይ አስምሩበት።

6. መንገድ ላይ ድምፅ አውጥታችሁ አጥኑ። የቆሎ ተማሪ ትምህርቱን የሚይዘው በዝምታ አይደለም። አንዳችሁ ዓረፍተ ነገሩን ጀምሩ፣ ሌላው ይጨርስ። ቃላቱን በማግሥቱ፣ በ3ኛውና በ7ኛው ቀን ከልሱ።

7. በመጀመሪያው ቀንና ሳምንት ሲሞላ ድምፃችሁን ቅዱና ሁለቱን አስተያዩ። በአንድ ሳምንት አንድ ድምፅ ብቻ አርሙ።

ክፍል ውስጥ ቢሳቅባችሁም አፋችሁን አትዝጉ። «ገና አልመጣም» እና «የገና በዓል» ሲጻፉ «ገና» ያው ነው፤ በተለመደው አጻጻፍ መጥበቁንና መላላቱን የሚነግር ምልክት የለም። እናንተ ግን ከልጅነታችሁ ሳትሳሳቱ ትለያላችሁ። በጉንም ከመርከቡ የሚለየው ይኸው ጆሯችሁ ነው።