የአእምሮ ጤና በሳይንስ ፊክሽን ድራማ፦ ባለሙያው የሚጠየቀው ስለ ምንድን ነው?

ሳይንስ ፊክሽን ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን መንኮራኩርና ሮቦት ነው። እኔ ግን የሥነ ልቦና ተማሪ ነኝና ዓይኔ የሚያርፈው መንኮራኩሩ ውስጥ በተቀመጠው ሰው ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 1994 በአሜሪካ የተላለፈው «ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጀነሬሽን» ለአእምሮ ጤና ቦታ ሰጥቷል። ዲያና ትሮይ የምትባለው የሥነ ልቦና አማካሪ የምትቀመጠው ከካፒቴኑ ጎን ነው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ፣ ትሮይ የሰውን ስሜት በአብዛኛው የምታውቀው ከእናቷ በወረሰችው ልዩ ተሰጥኦ መሆኑ ነው። እንዲህ ከሆነማ እኛ አራት ዓመት ምን እንማራለን?

ከጸሐፊዎቹ አንዱ የነበረው ሮናልድ ሙር በኋላ እንደተናገረው፣ የቴክኒክ ንግግር ሲያስፈልጋቸው «ቴክ» ብለው ክፍት ቦታ ይተዉ ነበር፤ የሚሞላው የሳይንስ አማካሪው ነው። ስለ ሞተሩ ባለሙያ ይጠየቃል። ጭንቀት ሲሆን ግን፣ እንደ እኔ ግምት፣ ጸሐፊው በራሱ ልቦና ይተማመናል።

ጥሩ የተሠራም አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 በተላለፈ አንድ የ«ዲፕ ስፔስ ናይን» ክፍል፣ ኖግ የተባለው ወጣት መኮንን በጦርነት እግሩን አጥቶ ሰው ሠራሽ እግር ተገጥሞለታል። ሐኪሙ እግሩ ደህና ነው ይላል፤ ልጁ ግን ያነክሳል፣ ያመዋል። ኮምፒዩተር ወደፈጠረው የምናብ ዓለም ገብቶም አልወጣም ይላል። መጨረሻ ላይ እንኳ ፈጽሞ ዳነ አይባልም።

እኛ ዘንድስ? በአዲስ ቅዳም ከዘመቻ ቆስሎ የተመለሰ ሰው ቁስሉ ከደረቀ ድኗል ይባላል። የቅዳሜ ገበያን ግርግር ሲሸሽ፣ በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሲበረግግ ደግሞ «ተለክፎ ነው» ተብሎ ጠበል ይወሰዳል። ጠበሉን አልቃወምም፤ ግን ከጠበሉ ጎን ሐኪም ቢያየው ምን ይጎዳል?

ለሳይንስ ፊክሽን ገንዘብ የለንም ይባል ይሆናል። በሬዲዮ ግን መንኮራኩር ለማስነሳት ድምፅ ይበቃል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. የተላለፈው የሬዲዮ ድራማ «የቀን ቅኝት» በ257 ክፍሎቹ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ኤች አይ ቪ ሲያስተምር፣ ድርሰቱ ከመጻፉ በፊት የአድማጩ ኑሮ ተጠንቶ ነበር። ለአእምሮ ጤናም ይኸው መንገድ ይሠራል። እስቲ ከአማርኛ ዲፓርትመንት ተማሪዎች ጋር ሆነን አንዲት የ15 ደቂቃ ድራማ እንሞክር፤ ባለታሪኩ ከህዋ ጦርነት የተመለሰ የአገው ምድር ልጅ ይሁን፣ ረቂቁንም ከመቀረጹ በፊት መምህሮቻችንና አንድ የአእምሮ ሐኪም ይዩት።