ሶፍትዌር ሲገዙ መውጫውን ይጠይቁ

ከዘጌ በጀልባ ተጭኖ ባሕር ዳር የሚወርድ ቡና፣ ገዢው ማንም ይሁን ማን፣ በኪሎ ይመዘናል። አንዱ ገዢ ዋጋ ቢያሳንስበት ባለቡናው ጆንያውን አንስቶ ወደ ሌላው ይሄዳል። ኪሎ የማንም የግል ንብረት አይደለምና። እያንዳንዱ ገዢ የራሱን መስፈሪያ አውጥቶ «በእኔ የተሰፈረ ሌላ ዘንድ አይሸጥም» ቢል ኖሮ ግን ባለቡናው ምን ይውጠው ነበር?

በኮምፒዩተር ገበያ ይህን የመሰለ ነገር በእርግጥ ደርሷል። የደረሰውም በገዛ ፊደላችን ላይ ነው።

እንደሚታወቀው በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ፣ አጋፋሪና ሌሎችም የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች በገበያ ላይ ነበሩ። በዘመናቸው ትልቅ አገልግሎት ሰጥተዋል። ችግሩ ያለው ከውስጥ ነበር። ኮምፒዩተር የሚያስቀምጠው ፊደልን ሳይሆን ቁጥርን ነው። የዚያን ጊዜ አንድ ፎንት ከ256 የማይበልጥ ቦታ ሲኖረው፣ እሱም ለላቲን ፊደል የተሰናዳ ነበር። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ አንዱ አምራች ፊደሉን ለሁለት ፎንት ሲያከፋፍል ሌላው ቅጥያውን ለብቻ አስቀምጦ ከፊደሉ ጋር አገጣጠመው። የቁጥር አሰጣጡም የየራሳቸው ሆነ። በመሆኑም በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ፣ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት፣ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል።

ይህ ለነጋዴ ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ እንየው። በባሕር ዳር በፍርድ ቤት አካባቢ የኮምፒዩተር ጽሕፈት አገልግሎት የሚሰጡ አንዲት ወይዘሮ አሉ እንበል። በአሮጌው ፎንት የተጻፈ 2,000 ገጽ ውልና አቤቱታ አላቸው። አዲስ ኮምፒዩተር ሲገዙ ያ ሶፍትዌር አልሠራ ቢላቸው፣ በቀን 20 ገጽ እንደገና ቢያስጽፉ 100 የሥራ ቀን ይፈጅባቸዋል። እንግዲህ የሶፍትዌሩ ትክክለኛ ዋጋ ሲገቡ የከፈሉት ብቻ አይደለም፤ ለመውጣት የሚከፍሉትም ይጨመርበታል። ይህ የመሸጋገሪያ ወጪ ይባላል። ወጪው በከበደ ቁጥር ደንበኛው ባይወድም እዚያው ይቆያል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሻጮች ብዙ መሆናቸው ብቻውን ገዢውን ነፃ አለማውጣቱ ነው። ውድድር ነበረ፤ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር ድልድይ አልነበረም። ድልድዩ የመጣው ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ መለያ እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትሙ የኢትዮጵያን ፊደል ሲያካትት ነው። ከዚያ ወዲህ «ሀ» ዩኒኮድን በሚጠቀም በየትኛውም ሶፍትዌር አንድ ቁጥር አላት። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ መጣ። ዛሬ በስልክ የተጻፈ አማርኛ በኮምፒዩተር የሚነበበው ከዚህ የተነሳ ነው። ፊደሉ እንደ ኪሎው የጋራ ሆነ።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳይመስል፣ የኮምፒዩተር ጌም የሚገዙ ወጣቶችን ይጠይቁ። ስቲም የተባለው የጌም መደብር እ.ኤ.አ. በ2003 ተከፈተ፤ ኤፒክ ደግሞ በ2018 ተፎካካሪ ሆኖ መጣ። ስቲም በመነሻው ከሽያጭ 30 በመቶ ሲወስድ ኤፒክ 12 በመቶ አለ። ውድድሩ የጌም አምራቾችን ጠቀመ። ገዢው ግን በአንዱ መደብር የገዛውን ጌም ይዞ ወደ ሌላው ለመሄድ አብዛኛውን ጊዜ አይችልም፤ የገዛው የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ዕቃውን አይደለምና። ጂኦጂ የተባለው መደብር ግን ያለ ቁልፍ ስለሚሸጥ፣ ገዢው የጌሙን መጫኛ ፋይል በእጁ ያስቀምጣል።

የሒሳብ፣ የንብረት ምዝገባ ወይም የሽያጭ ሶፍትዌር ሊገዙ ያሰቡ ነጋዴ አንባቢያችን ከመክፈልዎ በፊት የሚከተሉትን ይጠይቁ።

አንደኛ፣ መረጃዬን በሙሉ በኤክሴል ወይም በሌላ የተለመደ ፋይል ማውጣት እችላለሁ? በቃል አይመኑ፤ ሻጩ ፊትዎ አውጥቶ ያሳይዎ። ሁለተኛ፣ የወጣው አማርኛ በዩኒኮድ ነው? በሌላ ኮምፒዩተር ከፍተው ያንብቡት። ሦስተኛ፣ ውሉ ሲያበቃ መረጃዬ ለስንት ጊዜ ይቆይልኛል? ይህ በውሉ ላይ ይጻፍ።

አሮጌ ፋይል ያለዎት ደግሞ ፎንቱንና መጫኛውን አይጣሉ። ፋይሉን ፎንቱን ወደማይዝ ተራ ጽሑፍ አይለውጡት፤ የፎንቱ ስም ከጠፋ የትኛው አማርኛ፣ የትኛው እንግሊዝኛ እንደነበር መለየት ያስቸግራል። ወደ ዩኒኮድ የሚለውጡ ፕሮግራሞች አሉ። በእነሱ ከለወጡ በኋላ ጥቂት ገጾችን ከዋናው ጋር አስተያይተው ያርሙ፤ ዋናውንም ያስቀምጡ።

መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው። ገንዘቡ ከተከፈለ፣ የአሥር ዓመት መዝገብም ከገባ በኋላ መውጫ መፈለግ ድስት ጥዶ ማልቀስ ይሆናል።