ከአፍ ከወጣ አፋፍ

"ከአፍ ከወጣ አፋፍ" የሚለውን አባባል ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማን አድገናል። አንዴ የተናገርነው ቃል ተመልሶ እንደማይዋጥ የሚያስጠነቅቅ ነው። ለመሆኑ ስንቶቻችን ነን ከመናገራችን በፊት ቃል የምንመርጠው? እኔ በበኩሌ ይህን የተማርኩት ከክፍል ሳይሆን ከስህተቴ ነው።

አንደኛ ዓመት እያለሁ የቃለ መጠይቅ መልመጃ ተሰጠንና ሎተሪ ወደሚያዞሩ አንድ ዓይነ ስውር አባት ሄድኩ። ጥያቄዎቼን በወረቀት ጽፌ ተዘጋጅቻለሁ። ሰላምታ እንኳን በቅጡ ሳልሰጥ "መቼ ነው የታወሩት?" አልኳቸው። ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው "ልጄ፣ ስሜን ሳትጠይቀኝ ዓይኔን ጠየቅኸኝ" አሉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔ እኮ "እርስዎ" ስላልኳቸው ያከበርኳቸው መስሎኝ ነበር። ለካ አክብሮት በተውላጠ ስም ብቻ አይገለጽም! በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቃቸው ብሄድም አላገኘኋቸውም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገሮችን አስተውያለሁ።

አንደኛ፣ ቃል ከትርጉሙ ሌላ ጭነት አለው። ለምሳሌ "ደንቆሮ" የሚለው ቃል መስማት ለማይችል ሰውም፣ ምንም ለማያውቅ ሰውም ስድብ ሆኖ ያገለግላል። ስለዚህ "መስማት የተሳነው" ስንል ቃል ማስዋባችን ሳይሆን ሰውየውን ከስድቡ መለየታችን ነው።

ሁለተኛ፣ ቃል እንደ ተናጋሪውና እንደ ሰሚው ይለያያል። ታላቅን "አንተ" ማለት ንቀት ነው። የቅርብ ጓደኛን በድንገት "እርስዎ" ማለት ደግሞ ሽሙጥ ወይም ኩርፊያ ይመስላል።

ሦስተኛ፣ ቃል ጊዜና ቦታ ይፈልጋል። ወላጆቻችን መርዶ ሲያረዱ ዘመድና ጎረቤት ሰብስበው፣ አብዛኛውን ጊዜ በማለዳ ነው የሚሄዱት። ሰውየው ብቻውን እያለ መንገድ ላይ አይነግሩትም። እኛ ግን ዛሬ በስልክ "ሰማህ እንዴ?" ብለን እንጀምራለን።

የቃል ነገር ከግለሰብም አልፎ አገር ያጣላል። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው "ይቻላቸዋል" የሚል ሲሆን፣ የጣልያንኛው ቅጂ ግን ግዴታ አድርጎት ነበር። በዚህ የተነሳው ጠብ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በጦርነት ተቋጨ።

ውድ አንባቢያን፣ በጽሑፍ የተሳሳተን ቃል አርታኢ ያርመዋል። በአፍ የወጣውን ግን ማን ያርመዋል? በተለይ ነገ ማይክሮፎን ይዘን ሰው ፊት የምንቆም የጋዜጠኝነት ተማሪዎች፣ ከጥያቄያችን በፊት የሰውየውን ስም እንጠይቅ።