የሕግ ማውጫና የ12ቱ ጥያቄዎች ስሌት

የላሊበላን 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጎበኝ እንግዳ ያለ መሪ ቢገባ በቦዮቹና በዋሻዎቹ መካከል መደናገሩ አይቀርም። መሪ ካለው ግን የመተላለፊያዎቹን ስም ማወቅ አያስፈልገውም፤ ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ መናገር ይበቃዋል። የአገራችን ሕግም እንዲህ ያለ መሪ ያሻዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማንኛውም ዜጋ የሚያገለግል ዲጂታል የሕግ ማውጫ በምን መርሕ ሊነደፍ እንደሚገባ እንመለከታለን።

ችግሩ ምንድን ነው?

የፌዴራል ሕጎች በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ፣ የአማራ ክልል ሕጎች ደግሞ በዝክረ ሕግ ጋዜጣ በቁጥርና በዓመት ተለይተው ይወጣሉ። በላስታ ደጋ የምትኖር አርሶ አደር ግን የአዋጅ ቁጥር አትጠይቅም፤ «ባለቤቴ ሞቷል፤ መሬቱን ማን ይወርሳል?» ትላለች እንጂ። ጊዜውም ይቆጠርባታል። በ1958 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ይግባኝ የሚቀርብበትን ጊዜ በ60 ቀናት ወስኖታል። በ61ኛው ቀን የተገኘ መረጃ ትክክል ቢሆንም፣ ለመዘግየቱ በቂ ምክንያት ካልቀረበ በስተቀር፣ በሩን አይከፍትም።

ጥያቄ በቢት ሲለካ

ክላውድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጥናት መረጃን በቢት መለካት እንደሚቻል አሳይቷል። አማራጮችን እኩል ለሁለት የሚከፍል የ«አዎ» ወይም የ«አይደለም» ጥያቄ አንድ ቢት ይሰጣል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ 3,367 አንቀጾች አሉት። ይህን ቁጥር ደጋግመን ለሁለት ብንከፍለው በ12ኛው ጊዜ አንድ አንቀጽ ብቻ ይቀራል፤ 2 በራሱ 12 ጊዜ ሲባዛ 4,096 ይሆናልና።

ነገር ግን «የሚፈልጉት አንቀጽ ከ1,684 በታች ነውን?» ብለን ብንጠይቅ፣ ጥያቄው በሒሳብ ፍጹም ቢሆንም መላሽ የለውም። ስለዚህ መልካም ጥያቄ ሁለት ነገሮችን ያሟላል፦ አማራጮችን በእኩል ይከፍላል፤ ተጠያቂውም ከሕይወቱ ተነሥቶ ሊመልሰው ይችላል። «የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በእርስዎም ስም ነውን?» የሚለው ከዚህ ወገን ነው። ከዚህ የምንረዳው ማውጫው መደራጀት ያለበት በአዋጅ ቁጥር ሳይሆን በባለጉዳዩ ጥያቄ መሆኑን ነው።

ሦስት ጥንቃቄዎች

አንደኛው ፊደልን ይመለከታል። «ሕፃን» የሚለው ቃል ሕ፣ ህ ወይም ኅ፣ እንዲሁም ፃ ወይም ጻ እየተጠቀምን በ6 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ሰው ሁሉንም አንድ አድርጎ ያነባቸዋል፤ ኮምፒዩተር ግን 6 የተለያዩ ቃላት አድርጎ ይቆጥራቸዋል። በመሆኑም ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ መልክ መምጣት አለባቸው።

ሁለተኛው የሕጉን ጽናት ይመለከታል። የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 133/1998 በአዋጅ ቁጥር 252/2009፣ የፌዴራሉ 456/1997ም በ1324/2016 ተተክተዋል። የተሻረን ሕግ እንደጸና አድርጎ የሚያሳይ ማውጫ ከባዶ መደርደሪያ የከፋ ነው፤ ባዶ መደርደሪያ ቢያንስ ማንንም አያሳስትም። እንግዲህ «የጸና» ወይም «የተሻረ» የሚለው ምልክት ከአዋጁ ስም ቀድሞ መታየት አለበት።

ሦስተኛው የኔትወርክ አቅም ነው። በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ እያንዳንዱ ሆሄያችን 3 ባይት ይወስዳል። 2,000 ሆሄያት ያሉት ገጽ 6,000 ባይት ብቻ ነው፤ በስካነር የተነሣ የዚያው ገጽ ምስል ግን ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በፊደላችን የሚጻፍ አንድ የሞባይል አጭር መልእክት ደግሞ 70 ሆሄያት ይይዛል። 70 ሆሄያት ለአዋጅ አይበቁም፤ ለአንድ አጭር ጥያቄ ግን ይበቃሉ።

በአጠቃላይ ማውጫው ዳኛንም ጠበቃንም አይተካም። አርሶ አደሯ 60ው ቀን ሳያልፍ ትክክለኛውን አንቀጽ ይዛ ፍርድ ቤት እንድትደርስ ካስቻለ ግን ሥራውን ፈጽሟል እንላለን። የሕግና የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎቻችንም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እንዲጀምሩት እንጋብዛለን፤ የመጀመሪያው ሥራቸውም ኮድ መጻፍ ሳይሆን የባለጉዳዮችን ጥያቄ በራሳቸው አነጋገር መመዝገብ ይሁን።