ሆድሽን ብቻ አትጠብቂ

ልጄ፣ ኤም ኤስ (መልቲፕል ስክለሮሲስ) ያለባት ሴት ትወልዳለች፣ ታሳድጋለች፤ እሱን አትጠራጠሪ። እኔን ያሳሰበኝ የዳሌሽ ወለል ነው፦ ፊኛን፣ ማህፀንንና ፊንጢጣን ከስር ደግፈው የሚይዙት ጡንቻዎች። እርግዝናው ሸክም ይጨምርባቸዋል፤ በሽታው ደግሞ ከአንጎልና ከህብለ ሰረሰር የሚደርሳቸውን መልእክት ያውካል።

1. ሽንት እንዳያመልጥሽ ብለሽ ውሃ አትቀንሺ። ሁላችሁም መጀመሪያ የምታደርጉት ይህንኑ ነው፤ ለቅሶ ቤት የሚኬድ ከሆነ ከጠዋት ጀምሮ ጉሮሮ ማድረቅ። ሽንት ሲጠቁር ፊኛን ይቆጠቁጣል፣ ጥድፊያው ይብሳል፣ ሆድም ይደርቃል። ይልቅ ቡናውን ቀንሺ። አቦሉ ይበቃሻል፤ ቶናውና በረካው ለእንግዳ ይሁን።

2. ሳትመረመሪ ጡንቻሽን ማጥበቅ አትጀምሪ። ጓደኞችሽ ስለ ኬግል ልምምድ እንደሚነግሩሽ አውቃለሁ። አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬግል በ1948 እ.ኤ.አ. ካስተዋወቀው ወዲህ ለብዙ ሴት በጅቷል። ኤም ኤስ ግን የአንዷን ጡንቻ ሲያላላ የሌላዋን ያኮማትራል፤ የተኮማተረውን ደግሞ ማጥበቅ ሕመም መጨመርና ሽንትን ፊኛ ውስጥ ማስቀረት ነው። መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒስት ትይሽ። ከፈቀደችልሽ፣ ፈስ እንደሚይዝ ሰው ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳቢ፤ ትንፋሽሽን አትያዢ፤ ጥቂት ሰከንድ ቆይተሽ ሙሉ በሙሉ ልቀቂ። መልቀቁ የሥራው ግማሽ ነው፣ እናንተ ግን ትዘልሉታላችሁ። እየሸናሽ መሃል ላይ ማቋረጥን ልምምድ አታድርጊው። ሲደክምሽ ወይም ሲሞቅሽ ደግሞ ተዪው፤ ይህ በሽታ ሙቀት አይወድም።

3. ሽንት ቤት ገብተሽ አትቸኩዪ። ተረጋግተሽ ተቀመጪ፤ ያለቀ ሲመስልሽ ትንሽ ቆይተሽ እንደገና ሞክሪ። ፊኛ ውስጥ የሚቀር ሽንት ኢንፌክሽን ይጠራል፤ በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ሊወጣ፣ ምጥንም ያለጊዜው ሊያመጣ ይችላል። የአንቺ ክፋቱ ማቃጠሉ ላይሰማሽ መቻሉ ነው። እግርሽ በድንገት ቢዝል ለሐኪምሽ ደውዪ፣ ሽንትሽንም አስመርምሪ፤ ኢንፌክሽን ሲነሣ አሮጌው ምልክት ሊቀሰቀስ ይችላልና በሽታው ያገረሸ ይመስላል።

4. ሰገራ ላይ ማማጥ የለም። አትክልቱን፣ ገብሱን፣ ውሃውን አብዢ፤ ከእግርሽ ስር ትንሽ ዱካ አድርጊ። ማማጥ ለምጡ ቀን ይቆይሽ።

5. የፊኛም ሆነ የኤም ኤስ መድኃኒትሽን በራስሽ አትቀጥዪ፣ በራስሽም አታቋርጪ። ታችኛው አካልሽ የሚደነዝዝ ከሆነ ለአዋላጇ ቀድመሽ ንገሪያት፤ ምጡ እንደሌላው ሴት ላይሰማሽ ይችላል።

6. «ክርስትናው ይለፍ» እያልሽ የዳሌ ወለል ምርመራውን አታዘግዪ። በ12 የአውሮፓ አገሮች ኤም ኤስ ያለባቸውን 254 ሴቶች የተከታተለውና በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ሕመሙ በእርግዝናው የመጨረሻ ሦስት ወር ጋብ ይላል፣ ከወሊድ በኋላ ባለው ሦስት ወር ግን የማገርሸት ዕድሉ ይጨምራል። ያን ጊዜ ሕፃኑ አያስተኛሽም፣ ጉልበትም አይኖርሽም። ስለዚህ ቀጠሮውን ሳትወልጂ ያዢ። ሽንት ማምለጡ ከቀጠለ «የወለደች ሴት ወጉ ነው» የሚሉሽን አትስሚ፤ ይታከማል፣ ሂጂና ታከሚ።