ቅልጥምሽ ውስጥ ስላለው ብረት

እህቴ፣ ብረቱ ከገባልሽ ቆየ። ቁስሉ ሽሯል፣ ምርኩዙንም ጥለሻል። የጋሸና ብርድ በጠና ቁጥር ግን ቅልጥምሽን ይዘሽ ስትቀመጪ አይሻለሁ፤ ምን ሆንሽ ሲሉሽም «ብርዱ ነው» ትያለሽ። ብዙ ጊዜ እውነትሽን ነው። ሆኖም የሚታገሡት ሕመም አለ፣ ሊያድር የማይገባው ሕመምም አለ፤ ሁለቱን ለይተሽ እንድታውቂ እፈልጋለሁ።

ቅልጥም ፊት ለፊቱ ሥጋ የለውም፤ አጥንቱን የሚሸፍነው ቆዳ ብቻ ነው። ስለዚህ ብረቱን የያዘው ብሎን በጣት ይዳሰሳል፣ ጫማ ሲነካው ያማል፣ ብርድም ይሰማዋል። የገባልሽ አጥንቱ ውስጥ የሚያልፍ ዘንግ ከሆነ፣ የሚገባው ከጉልበት ሥር ነውና ስትንበረከኪ ወይም ምጣድ ሥር ቁጢጥ ስትይ ጉልበትሽን ይወጋሻል። ዘንግ ከገባላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ይህ ሕመም አለባቸው። ያስቸግራል እንጂ አደጋ የለውም። ስትሰግጂ ጋቢ አጥፈሽ ከጉልበትሽ ሥር አድርጊ፤ ካልቻልሽም ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ ቆመሽ እጅ መንሣት ይበቃሻል ይሉሽ ይሆናል።

የሚያስፈራኝ ሌላው ነው። ትቶሽ የነበረ ሕመም ተመልሶ ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰሽ፣ ቆዳው ከቀላና ከጋለ፣ ወይም ትንሽ ቀዳዳ ከፍቶ መግል ካወጣ፣ ብረቱ አመርቅዟል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህ ከዓመታት በኋላም ይመጣል፤ በተለይ ሲሰበር አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ወጥቶ ከነበረ ወይም በጥይት ተመትቶ ከሆነ። ተሕዋሲው ብረቱ ላይ ተጣብቆ መድኃኒት በቀላሉ የማያልፈው ስስ ሽፋን ይሠራል። ከፋርማሲ የገዛሽው ክኒን ቀዳዳውን ለጥቂት ሳምንት ያደርቀዋል፣ ከዚያ እንደገና ይከፈታል። እንዲህ ከሆነ ክኒን መቀያየሩን ተዪው፤ አጥንቱን የሚያጸዳ ሐኪም ነው የሚያስፈልግሽ። ጠበሉንም አልከለክልሽም፣ ጠጪው፣ ተጠመቂም፤ የተከፈተ ቁስልሽን ግን አትንከሪበት።

ስትረግጪ ድሮ የተሰበረው ቦታ ላይ የሚያምሽ ከሆነ ደግሞ አጥንቱ አልገጠመ ይሆናል። ቅልጥም ለመግጠም ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ከዚያም ይቆያል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይገጥምም። ብረቱ የሚደግፈው አጥንቱ እስኪጠና ነው። አጥንቱ ካልገጠመ በእያንዳንዱ እርምጃ ጭነቱ ብረቱ ላይ ያርፍና፣ ሲያጥፉት ሲዘረጉት እንደሚበጠስ ሽቦ አንድ ቀን ይሰበራል። ጀሪካን ተሸክሞ ዳገት መውጣት ያን ቀን ያቀርበዋል።

ወጌሻ ጋ ወስደን እናሳሽሽ ይሉሻል። ለወለምታ ይሁን እሺ፤ ብረት ያለበትን እግር ግን ማንም እንዳያሽብሽ፣ ማንም ጠፍሮ እንዳያስርብሽ። ጠብቆ የታሰረ እግር ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ ይደርሳል።

«ታዲያ ለምን አይወጣልኝም?» ትያለሽ። ካላስቸገረሽ ዕድሜ ልክሽን ቢኖር ነውር የለውም። ዘንግ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል ካለፈ በኋላ፣ አጥንቱ መግጠሙ በራጅ ታይቶ ነው። የጉልበቱ ሕመም ብረቱ ወጥቶም ላይለቅ ይችላል። ከወጣ በኋላም የብሎኑ ቀዳዳዎች እስኪሞሉ አጥንቱ ደካማ ነው፤ ለተወሰኑ ሳምንታት ሸክምና ዝላይ ክልክል ነው።

እባክሽ ወረቀትሽን አትጣይ። ዘንግ የሚወጣው በራሱ መፍቻ ነው። ያንቺው ሳይን የሚባለው ሊሆን ይችላል፤ ሉዊስ ዚርክል የተባለ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም በ1999 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ድርጅት፣ ቀዶ ሕክምና ክፍላቸው የራጅ ማሽን ለሌለው ሆስፒታሎች ብሎ የሚሠራው ድፍን ዘንግ ነው፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ይሠራበታል። ሌላ ዓይነት ከሆነ መፍቻውም ሌላ ነው። ሐኪሙ ዓይነቱን ካላወቀ ቀዶ ሕክምናው ላይ ይቸገራል። ሆስፒታሉ መዝግቦታል ብለሽም አትተማመኚ፤ በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እኛው ጋሸና ላይ ሲደረግ የወልድያና የደሴ ሆስፒታሎች እንዴት እንደተዘረፉ አንቺም ታውቂያለሽ። ራጅሽን ከእሳትና ከዝናብ አርቀሽ አስቀምጪ፣ በስልክሽም ፎቶ አንሺው።

ያለነው መንገድ መገንጠያ ላይ ነው፤ በአንድ ወገን ወልድያ፣ በአንድ ወገን ላሊበላ፣ በሌላው ባሕር ዳር። ሕመሙ ከተመለሰ ቀርቦ ካገኘሽው ሆስፒታል ሄደሽ ራጅ ተነሺ፤ የአጥንት ሐኪም ከሌለም ወደ ደሴ ወይም ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ጠይቂ። መኸሩ ይግባ፣ በዓሉ ይለፍ እያልሽ አትቆዪ። ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ ንገሪኝ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ።